የየብስ ነፋስ ሲነሳ

ጀንበር ገና ከኮረብታው ጀርባ ሳትወጣ ነፋሱ ዞረና ከየብስ ወደ ባሕር መንፈስ ጀመረ። ይመር አሊጋዝ በጣሪያው ጫፍ የታሰረችውን ቀይ ጨርቅ አየ፤ ጥሩምባውን አነሳና አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ነፋ። በጨው ማዶ ሰፈር ማንም አልደነገጠም። ሴቶች ምድጃቸውን አመድ አለበሱት። ልጆች የሚያባርሩትን ኳስ በእግራቸው አቆሙና ቀስ ብለው፣ ሳይሮጡ፣ ወደየቤታቸው ገቡ። በሮች ተዘጉ፤ ከሥራቸው እርጥብ ጨርቅ ተጎዘጎዘ። ከዚያ ሰው ሁሉ በጎኑ ተጋድሞ፣ አፉን ገጥሞ፣ በአፍንጫው ቀስ እያለ መተንፈስ ጀመረ።

የየብስ ነፋስ ሲነፍስ ወሬ የለም፣ ሳቅ የለም፣ እሳት የለም። ልጅ አይቆነጠጥም፤ ያለቅሳልና። ሕፃን ያላት እናት ጡቷን ከአፉ አታወጣም። የተኳረፉ ባልና ሚስት ጠባቸውን ለባሕር ነፋስ ያቆዩታል፤ በዚህ የተነሳ ስንት ትዳር ተረፈ ይላሉ ቀልደኞቹ። አዲስ ተጋቢዎችም የሚጠብቁት ያንኑ የባሕር ነፋስ ነው። ስለዚህ በሰፈሩ የተወለደ ልጅ ሁሉ የባሕር ልጅ ይባላል።

ነፋሱ ተመልሶ ከባሕር ወደ የብስ ሲነፍስ ይመር ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ይነፋል። በር ይከፈታል፣ ጭስ ይወጣል፣ ጎረቤትና ጎረቤት ይሰዳደባል። የአንድ ሰው ጥሩምባ ይህን ያህል ሥልጣን ነበረው።

ጥሩምባው ድሮ ለዚህ አልነበረም። የቅሬ ጥሩምባ ነው። ቅሬ ወሎዎቹ ከደጋ ሲወርዱ ይዘውት የመጡት የቀብር ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አባል ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ሕዝቡ ሥራውን ጥሎ ይወጣል፣ ያለቅሳል፣ ይቀብራል። ደጋው ደርቆ ሰዉ ወደ አዲሱ ባሕር ዳር ሲሰደድ ሞፈርና ቀንበሩን ጥሎ፣ ጥሩምባውን ግን ተሸክሞ ወረደ። በሬ የሌለበት ሀገር ሊኖር ይችላል፤ ሞት የሌለበት ሀገር ግን የለም ብሎ ነው።

አዲሱ ባሕር ዝቅተኛውን ምድር የሸፈነው የይመር አያት በሕይወት ሳሉ ነው። ውኃው በረጋበት ዳርቻ ረግረግ ተፈጠረ፤ በረግረጉ ላይ የጨው ሣር በቀለ። ከዚያ ባለሀብቶች መጡና ግድብ ሠርተው፣ ሣሩን ነቅለው ሽሪምፕ የሚባለውን የባሕር ፍጥረት አረቡበት። ሽሪምፑ ታመመ፣ ባለቤቶቹ ሄዱ፤ የሚገማ ጭቃ ብቻ ቀረ። ቀጥለው የመጡት ደግሞ ግድቡን ቆርጠው ማዕበሉን መልሰው አስገቡና ረግረጉ እንደ ጥንቱ ይሁን አሉ። ሣሩን መልሶ ለመትከል እጅ ስላስፈለገ ከደጋ የወረዱትን አሰፈሩ። የይመርና የሚስቱ ወጣትነት ያለቀው ጉልበት በሚያሰምጥ ጭቃ ውስጥ፣ ሣር ሲተክሉ ነው።

ውሉ ቀላል ነበር። ሣሩ በሩቅ ሀገር የሚጨሰውን ጭስ ከአየር ስቦ ጭቃው ውስጥ ይቀብራል። ሰፋሪው ሣሩን ይጠብቃል፤ በምላሹ አስፋሪዎቹ ያቆሙት ጣቢያ ከባሕር የተጣራ ውኃ በቧንቧ ይሰጠዋል። በረግረጉ መካከል የቆመው ማማ ሣሩ የሚውጠውንና የሚተፋውን ሲለካ ይከርማል፤ ወቅቱ ሲያልቅ አናቱ ላይ መብራት ይበራል። ሰማያዊ ከሆነ ረግረጉ ከተፋው የዋጠው በልጧል ማለት ነው፤ ሰፈሩ ይቆያል። ቀይ ከሆነ ቧንቧው ይዘጋል፣ መኪና ይመጣል፣ ሰዉ ተጭኖ ደረቅ አምባ ወደሚባል ቦታ ይወሰዳል። ከባሕረ ሰላጤው ወዲያ ማዶ የነበሩት ጎረቤቶቻቸው ቀይ በርቶባቸው ተወስደዋል። ከእነሱ ውስጥ ተመልሶ የመጣ የለም፤ ወሬም አልመጣም።

ጣቢያው የከለከለው ከብት ማርባትንና ነፋሱ ወደ ማማው ሲነፍስ እሳት ማንደድን ነው። የቀረውን የጨመረው ቅሬው ራሱ ነው።

ነገሩ የመጣው የድሮው የቅሬ ዳኛ የሞቱ ጊዜ ነው። ሰፈሩ አንድ ሳይቀር ወጣ፤ ሦስት ቀን ሙሉ በየብስ ነፋስ ተለቀሰ። ሙሾ ያወረደችው የይመር ሚስት የሽመቤት ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆች ሳይቀሩ የሚያውቁት ግጥሟ ይኸ ነው፦

ውኃው ሲመሽ ሄዶ ሲነጋ ሲመጣ፣
ምነው ያንተ ጉዞ መመለሻ አጣ?

የዚያ ወቅት መብራት ሲበራ ሰማያዊ ነበር፤ ግን ፈዘዘ። ከዚያ በፊት እንዲያ ፈዞ አይተውት አያውቁም። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ።

"ሰው የሚያስወጣው ትንፋሽ ምንድን ነው?" አለ አንዱ። "ያው ሣሩ የሚውጠው ዓይነት ጭስ አይደለም ወይ?"

ተማሪ ቤት የደረሰ ሁሉ "ነው" አለ።

"ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ ሦስት ቀን ሲጮህ ትንፋሹ የት የገባ መሰላችሁ?"

ሁሉም ወደ ማማው ዞረው አዩ። ጣቢያው ሄዶ የጠየቀ የለም። ጥፋቱ የእኛ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ጥፋቱን ማመን ነው ተባለ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ተባለ። ቅሬው ደንብ አወጣ። በየብስ ነፋስ ማንም ከቤቱ አይወጣም፣ ድምፁን አያሰማም። ሰው ከሞተ ለቅሶው በተራ፣ አፍ ተሸፍኖ ይሆናል። ደንቡን የጣሰ ከቅሬ ይወጣል፤ ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት ጥሩምባ አይነፋለትም፣ ጉድጓድ የሚቆፍርለትም የለም። ይህን የሚያህል ቅጣት ጣቢያውም የለው።

በሚቀጥለው ወቅት መብራቱ ደመቀ። ከዚያ ወዲያ ደንቡን የተጠራጠረ አልተገኘም። ጣቢያውም ዝም አለ፤ ሳይታዘዝ የሚታዘዝን ሰው ማን ተው ይለዋል?

በደንቡ ከሁሉ በላይ የተጎዳችው የሽመቤት ናት። እሷ ለቅሶ ቤት ስትገባ ድንኳኑ ይነቃ ነበር፤ ሟቹን በማያውቀው ሰው ዓይን እንኳ እንባ ታስመጣ ነበር። ከደንቡ በኋላ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አጥፋ ትገባለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ትወጣለች። ግጥሙ ይመጣባታል፤ ትውጠዋለች። የሚቀጥለውም ይመጣል፤ ትውጠዋለች። ሆድ ይፍጀው ትላለች። በኋላ ሳል ያዛት። ሐኪም ለማየት መንገዱ ሩቅ ነው፤ እሷ ራሷ ግን የዋጥኩት ነው የሚያስለኝ ባይ ነበረች።

ሳል የየብስና የባሕር ነፋስ አይለይም። ሲነሳባት ይመር ትራስ አንስቶ አፏ ላይ ይይዝላታል፤ እሷም ትራሱ ውስጥ ትስላለች። ሲያልፍላት በዓይኗ ታመሰግነዋለች። ባልና ሚስቱ ለዚህም ለምደው ነበር።

አንድ ቀን በባሕር ነፋስ፣ በር ተከፍቶ ፀሐይ መደቡ ድረስ በገባበት ሰዓት፣ የሽመቤት ጠራችው።

"ይመር።"

"ወዬ።"

"እኔ የሞትኩ እንደሆነ ሦስቱን ትነፋለህ።"

"ምን ሟርት ነው የምታወሪው?"

"ሟርት አይደለም፣ አደራ ነው። የዚህን ሰፈር ሬሳ አልቅሼ ሸኝቻለሁ። አባትህን አልቅሼ ሸኝቻለሁ። ደንቡ ከወጣ በኋላ የሞቱትን ግን ሰርቄ ነው የቀበርኳቸው። የዘሃራን ልጅ እንኳ፣ ያንን የመሰለ ልጅ፣ እንደ ሌባ አጎንብሼ ወጣሁ። እኔን እንደዚያ እንዳታደርገኝ።"

"የየብስ ነፋስ ቢሆንስ?"

"ነፋሱን እኔ እመርጣለሁ እንዴ?"

"እሺ በቃ።"

"በእሺ አትሸንግለኝ። ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ ወጥቶ፣ አፉን ከፍቶ ያልቅስልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወዲያ እንደፈለጋችሁ ተጋደሙ።"

"እነፋለሁ የሺዬ" አለ ይመር። "እናቴን፣ እነፋለሁ።"

ሲናገር እውነቱን ነበር። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ።

ይመር ቀን ቀን ለጣቢያው ጉልላት ይሸከማል። ጉልላቷ እንደ ብርጭቆ ውስጧ የሚታይ፣ ሁለት ሰው የሚያነሳት ሣጥን ናት። በእንጨት መረማመጃው ላይ ይዘዋት ይገቡና ሣሩ ላይ ይደፏታል፤ ውስጧ ያለው ሣር የሚውጠውን አየር መሣሪያው ይለካል። ቀጥሎ ጥቁር ሸራ ያለብሷታል። ሣሩ የመሸ ይመስለውና መዋጡን ትቶ መትፋት ይጀምራል። ሸራው ሲነሳ ነጋ ብሎ ይውጣል። ይመር በዚህ ሁልጊዜ ይስቃል፤ እንዲህ በቀላሉ የሚታለል ፍጥረት ሣርና ሰው ብቻ ነው ይላል።

ሌላኛዋ ተሸካሚ፣ መሣሪያውንም የምታነበው፣ የጣቢያው ሠራተኛ ሐዋ ናት። ሐዋ የአፋር ልጅ ነች፤ አያቶቿ ጨው የሚቆርጡበት ሜዳ አሁን ከባሕሩ ሥር ነው። ለትልቁም ለትንሹም አንተ ትላለች፤ ይመርም ተቀይሟት አያውቅም።

በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ሸራውን ካነሱ በኋላ ሐዋ መሣሪያዋን አየች፤ አሁንም አየች።

"መልሰን እናልብሰው አያ ይመር።"

አለበሱት። ቆይተው አነሱት። ፀሐይ አናት ታቃጥላለች፤ ሣሩ ብርሃን ውስጥ ቆሟል።

"ምነው?" አላት።

"አሁንም ይተፋል። ፀሐይ ላይ ሆኖ ይተፋል።"

"ሣሩ?"

ሐዋ ወደ ማማው አየት አደረገች። "መብራቱ ሳይበራ መናገር አልተፈቀደልኝም" አለች በመጨረሻ። "ያየኸውን እንዳላየህ ሁን።"

ይመር ያየውን እንዳላየ አልሆነም። መረማመጃውን ተከትሎ ሲመለስ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሆነ ሰው ተንፍሷል። የሆነ ቤት ደንቡን አልጠበቀም፤ የየብስ ነፋስ ሲነፍስ ድምፅ የሚወጣበትን ቤት ደግሞ ያውቀዋል። የራሱ ቤት ነው።

በማግስቱ የየብስ ነፋስ ተነሳ፤ የሽመቤትም ሳሏ ተነሳባት። ይመር ትራሱን አመጣ። ሳሉ ካለፈም በኋላ ትንሽ ቆየ፤ ያነሳው እጇን ክንዱ ላይ ስታሳርፍ ነው። ትንፋሿን እስክትሰበስብ አየችው። የባሕር ነፋስ እስኪነፍስ ቃል አልተናገረችም፤ ደንብ አክባሪ ነበረች።

"ረግረጉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ?" አለችው በሩ ሲከፈት።

"ማን አለሽ?"

"ትራሱን አጥብቀህ ያዝክብኝ።"

ይመር ላስረዳ ቢል ማመን ይሆንበታል፣ አይደለም ቢል ውሸት ይሆንበታል። ወጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ፤ የባሕር ነፋስ ስለነበረ ማልቀስ ይቻል ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ የሽመቤት ሳሏን በራሷ አፈነች። ሲመጣባት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፣ ነጠላዋን ነክሳ ትይዛለች፣ ትከሻዋ ብቻ ይነቃነቃል። የወቅቱ ማብቂያ ሲቃረብ የየብስ ነፋስ ይበረታል፤ ሰዉ ከሚወጣበት የሚተኛበት ሰዓት ይበዛል። በአንዱ እንዲህ ባለ ጠዋት ይመር አጠገቧ ተጋድሞ ትንፋሿን ያዳምጥ ነበር። ትንፋሿ እየቀነሰ፣ እየራቀ ሄደ። በጨው ማዶ ቀስ ብሎ መተንፈስ ጨዋነት ነው፤ ስለዚህ ለአፍታ ደስ አለው። በምን ደስ እንዳለው ሲገባው ዘሎ ተነሳ፤ የሽመቤት ግን ሞታለች።

ጥሩምባው ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። አወረደውና በሩን ከፍቶ ቆመ። ቀይዋ ጨርቅ ተወጥራ ወደ ማማው ታመለክታለች። ሰፈሩ ጭጭ ብሏል። ጥሩምባውን ከከንፈሩ አገናኘው፤ ትንፋሹን ሳበ፤ ትንፋሹን ያዘ። የትኛውን እንደሚፈራ አያውቅም ነበር፤ ሰው ሁሉ መውጣቱን ወይስ ማንም አለመውጣቱን። ጥሩምባውን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ፣ በግድግዳ ጥግ ጥጉን ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ሸህ እንድሪስ ቤት ሄደ።

ሸህ እንድሪስ በሩን ገርበብ አድርገው ፊቱን ሲያዩ ገባቸው። አስገብተው አቀፉት።

"አብሽር ይመር። አብሽር የኔ ወንድም" አሉት በሹክሹክታ።

"አደራ አለባት። ሦስቱን ንፋልኝ ብላኛለች።"

"ለኔም ነግራኛለች።"

"እና?"

ሸህ እንድሪስ መሬት መሬት አዩ። "እኔ አልከለክልህም። የነፋህ እንደሆነ ሰዉ ይወጣል፤ እኔም እወጣለሁ። ለየሺማ የማይወጣ ማን አለ? የፈራሁትም እሱን ነው። መብራቱ ሊበራ ምን ቀረው? ሕፃናቱን ተመልከት። ደረቅ አምባን አስበው።"

"ሐዋ ሣሩ እየተፋ ነው ብላኛለች።"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እንግዲያ አንድ ጩኸት ይበቃዋል" አሉ።

ይመር ጥሩምባውን ከብብቱ አውጥቶ ሸህ እንድሪስ መደብ ላይ አስቀመጠው። ቃል የሰጠው ለአንዲት ሴት ነው፤ የሚያተርፈው ሰፈር ነው። ጨዋ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ለዚህም ራሱን እስከ ዛሬ ይቅር አላለም።

የሽመቤት በተራ ተለቀሰች። ሬሳዋን ያጠበቻት ዘሃራ ናት፤ ልጇን ያለ ሙሾ የቀበረችው ጎረቤቷ። ሰዉ አንድ ባንድ፣ አፉን ሸፍኖ ገባ፤ ጎንበስ አለ፣ ወጣ። ቄሱ ፍትሐቱን ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ አደረሱ። ከሰፈሩ ጀርባ ባለው የዛጎል ጉብታ ላይ ስትቀበር አራት ቆፋሪና ይመር ብቻ ነበሩ። ዛጎሉ አካፋ ሲነካው ስለሚንኳኳ በእጃቸው ነበር የሚዝቁት። በጨው ማዶ አልቃሽ የነበረች ሴት ስትቀበር የተሰማው ድምፅ ያ ብቻ ነው፣ የዛጎል መንሸራተት።

መብራቱ የበራው ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። የየብስ ነፋስ ነበር። ሰዉ በየመስኮቱ ቀዳዳ ዓይኑን ተክሎ ይጠብቃል። ማማው አናት ላይ መጀመሪያ ነጭ ነገር ብልጭ አለ፤ ከዚያ ቀላ። ፈዛዛ ቀይ አይደለም፤ ለስህተት፣ ለክርክር ቦታ የማይተው ቀይ ነው። በየቤቱ የነበረው ሰው የየብስ ነፋስ ስለሆነ አልጮኸም።

ይመር ብዙ አላሰበም። ሸህ እንድሪስ ቤት ሄዶ ጥሩምባውን ከመደቡ ላይ አነሳ። ሽማግሌው መንገድ ለቀቁለት። ወደ ዛጎሉ ጉብታ ወጣና ፊቱን ወደ ሰፈሩ አዙሮ ነፋ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

በሮች ቀስ ብለው ተከፈቱ። ሰዉ በመጀመሪያ ወደ ቀይ ጨርቋ አየ፤ ከዚያ ወደ ጉብታው። የሞት ጥሪን እንቢ ማለት የማይሆን ነው፤ ለስንት ዓመት ሳይሰሙት ቢኖሩም እግራቸው አወቀው። ሽማግሌው፣ እናቲቱ፣ ልጁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጉብታው ላይ ወጥቶ የየሽመቤትን መቃብር ከበበ። ከድሮው ዳኛ ቀብር ወዲህ አንድ ላይ ቆመው አያውቁም። ስንት እንደሆኑ አይተው እርስ በርሳቸው ተገረሙ።

ከዚያ ምንም አልሆነም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እንባውስ ነበረ፤ በየጉንጩ ይወርዳል፤ ድምፁ ነው የጠፋው። ሰዉ ቆሞ በአፍንጫው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ሴቶች ሳያስቡት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አጥፈዋል። ደንቡ ከወጣ በኋላ የተወለዱት ልጆች አዋቂዎቹን ያያሉ፤ አሁን ምን ይደረጋል የሚሉ ይመስላሉ። አንዲት ልጅ የእናቷን ቀሚስ ጎተተችና ጣቷን ወደ ቀይዋ ጨርቅ ቀስራ አሳየቻት፤ ነፋሱን ያላዩት መስሏታል።

ይመር ዘፋኝም አልቃሽም አይደለም። ድምፁ የተሰነጠቀ ነው። ግን የሚያውቀው አንድ ግጥም ነበር።

ውኃው ሲመሽ ሄዶ ሲነጋ ሲመጣ፣
ምነው ያንቺ ጉዞ መመለሻ አጣ?

ዘሃራ ናት መጀመሪያ የጮኸችው። "ልጄን!" አለች። የየሽመቤትን ስም አልጠራችም። ያን ጊዜ የሁሉም ተፈታ፤ እያንዳንዱ በተራ፣ ያለ ድምፅ የቀበረውን ሰው ስም እየጠራ ጮኸ። ወንዶች ደረታቸውን መቱ። ልጆች ፈርተው አለቀሱ፤ ዝም በሉ ያላቸው የለም። እሳት አነደዱ። ነፋሱ ጩኸቱንም ጭሱንም ትንፋሹንም እያፈሰ በሣሩ ላይ፣ ወደ ማማው ነዳው። ይመር ይህን እያየ ከልቡ አንድ ነገር ተመኘ፤ ማማው እንዲታመም። የሰፈሩን ሰው ትንፋሽ አንድ ቀን እንኳ ጠግቦ እንዲታመም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሐዋ ከጣቢያው መጣች። ከሰዉ ፈንጠር ብላ ቆማ ጠበቀችው።

"ነፍስ ይማር አያ ይመር።"

"መሣሪያሽን እያየሽ ነበር?"

"እያየሁ ነበር።"

"በይ ንገሪኝ። ምን ያህል አበላሸን?"

ሐዋ አልገባትም። "ምኑን?"

"ማማውን ነዋ! ይህ ሁሉ ሰው በየብስ ነፋስ ሲጮህ ውሏል፣ እሳት አንድዷል። ቀዩን ምን ያህል አቀላነው?"

"ምንም" አለች። "የመሣሪያው መስመር ንቅንቅ አላለም።"

"እንዴት ምንም?"

"የእናንተ ትንፋሽ እኮ አይታይም። ረግረጉ ሰፊ ነው። ጭቃው ሞቆ የጥንቱን ሁሉ፣ ከሥር ተቀብሮ የነበረውን ሁሉ እያወጣ ነው። ከካቻምና ጀምሮ ነው፤ አምና ሰማያዊ የበራው ለጥቂት ነው። ብትጮሁም፣ ብትሞቱም ለእሱ አንድ ነው።"

ይመር መቃብሩን አየ፤ ተመልሶ እሷን አየ።

"የየብስ ነፋስ ሲነፍስ ለምን እንደምንገባ፣ ለምን እንደምንታፈን ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።" ሐዋ ግራ ተጋባች። "ሥራ ስጀምር በሮቹ ሲዘጉ አየሁ፤ ጸሎት መሰለኝ። ሃይማኖታችሁ መሰለኝ፤ የሰው ሃይማኖት ደግሞ አይጠየቅም።"

ይመር ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ቆየ፤ ሐዋ ደንግጣ ክንዱን እስክትይዘው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ተቀመጠና የዛጎሉን አፈር በእጁ ያዘ።

"ትራስ ይዤባት ነበር" አላት። ሐዋ ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቀችም።

ያንኑ ዕለት የሰማውን ለሸህ እንድሪስ ነገራቸው። ሸህ እንድሪስ ለሰዉ እንዳለ ነገሩት፤ አልቀነሱም። የሰማው ሁሉ አንገቱን ደፋ። የተናደደ አልነበረም፤ በማን ይናደዳል? ደንቡን ያወጣው አባቱ ነው፣ የጠበቀው ራሱ ነው። መኪኖቹ በሳምንቱ ውስጥ ይመጣሉ ተብሏል። ሰዉ ዕቃውን መቋጠር ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት ነፋሱ ከየብስ ዞረ። ይመር ቀይዋን ጨርቅ አያት፤ ጥሩምባውን ግን አላነሳም። የሚነፋበት ምክንያት አልነበረውም። በሩ ላይ እንደተቀመጠ ሴቶች ምድጃቸውን አመድ ሲያለብሱ አየ። ልጆች ኳሳቸውን በእግራቸው አቆሙና ቀስ ብለው ገቡ። ዘሃራ ከማዶ ሆና በዓይኗ ሰላም አለችውና በሯን ዘጋች። ከዚያ ሌላ በር ተዘጋ፤ ከዚያ ሌላ። ሰፈሩ ጭጭ አለ።

ይመርም ገባ። እርጥቡን ጨርቅ ከበሩ ሥር ጎዘጎዘ፤ መደቡ ላይ ወጥቶ በጎኑ ተጋደመ፤ በአፍንጫው ቀስ ብሎ መተንፈስ ጀመረ። ትንሽ እንደቆየ ሳል ያዘው። የየሽመቤትን ትራስ ስቦ አፉ ላይ አጥብቆ ያዘ።